ለእርምጃ የሚበቃ ጉርድ፦ ተጠምጣሚ ጉርድ ቀሚስ በቤት ውስጥ እንዴት ይሰፋል?

በዘንድሮው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የሰፋነው ተጠምጣሚ ጉርድ ቀሚስ ነበር። ተጠምጣሚ ጉርድ የምንለው ዚፕም ላስቲክም የሌለውን፣ ወገብን ዞሮ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ተደርቦ በማሰሪያ የሚታሰረውን ጉርድ ነው። ለጀማሪ የመረጥኩት ያለ ስፌት መኪና፣ በእጅ መርፌ ብቻ ሊሰፋ ስለሚችል ነው። ወገቡ በማሰሪያ ስለሚጠብቅና ስለሚላላም በማደግ ላይ ያለች ልጅ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልትለብሰው ትችላለች። ልጁ በየዓመቱ ልብስ እየጠበበው ለሚቸገር ወላጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ጥፋቱም የተማሪዎቹ ሳይሆን የእኔ የመምህሩ ነበር። ጥፋቱ ካስተማረኝ ብጀምር ትምህርቱ የበለጠ ግልጽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ቆማ ያማረባት፣ ስትራመድ የከዳት ጉርድ

በመጀመሪያ ያስተማርኩት ቀላሉን መንገድ ነበር፦ የዳሌን ዙሪያ ለካ፣ ግማሹን ጨምርበት፣ በዚያ ወርድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ቁረጥ፣ ከላይ ሸንሽነህ ቀበቶ ስፋበት። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የዳሌዋ ዙሪያ 88 ሳንቲ ሜትር ነበር። ግማሹ 44 ነው፤ ድምሩ 132 ሳ.ሜ. ይሆናል። እናቷ በገዛችላት ጨርቅ በጥንቃቄ ሰፋችው። ክፍል ውስጥ ለብሳው ስትቆም ፊት ለፊቷ ሙሉ በሙሉ በድርብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ሁላችንም አጨበጨብንላት።

በእረፍት ሰዓት ግን ልጅቷ ከግድግዳው ሥር ቆማ አየኋት። ጓደኞቿ ይሮጣሉ፤ እሷ በአንድ እጇ የጉርዱን ጫፍ ይዛ ትመለከታለች። "ምነው አትጫወቺም?" ብላት፣ "ስራመድ ይከፈትብኛል" አለችኝ። ከአያሃ ወደ ትምህርት ቤት በእግር ለሚመጣ ልጅ፣ በተለይም ሶማሌዎች ሐጋ በሚሉት በነፋሻው የበጋቸው ወቅት፣ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጉርዷን የያዘች እጅ ደብተር አትይዝም፤ ታናሽ ወንድሟንም ይዛ መንገድ አታሻግርም። አንድ እጇን ለልብሷ የሰጠች ልጅ የቀራት አንድ እጅ ብቻ ነው።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። በማግስቱ ልጅቷ በተለመደው እርምጃዋ አንድ እግሯን አስቀድማ እንድትቆም አድርገን፣ አንዲት ጓደኛዋ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ ዙሪያ ሜትሩን አዞረችው። 132 ሳ.ሜ. ሆነ። የጉርዱ ጨርቅ በጠቅላላ 132 ሳ.ሜ. ነበር። ስለዚህ ቆማ ሳለ 44 ሳ.ሜ. የነበረው ድርብ፣ በተራመደች ቁጥር ከታች ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ስትሮጥማ እርምጃዋ ስለሚሰፋ ጨርቁ ጭራሽ አይበቃም። እኔ የቆመ ሰው ለክቼ ለሚራመድ ሰው ልብስ አሰፍቼ ነበር።

ሌሎች ልብሶች ለእርምጃ ምን ያስቀምጣሉ?

ረጅም ልብስ ለብሶ የሚሄድ ሕዝብ ሁሉ ለእርምጃ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ በየራሱ መንገድ ያስቀምጣል። በሀገራችን ሽንሽን ቀሚስ ከወገብ ላይ ብዙ ጨርቅ ተሰብስቦ ስለሚሰፋ፣ ሽንሽኑ ስትራመዱ ይከፈታል፣ ስትቆሙ ይመለሳል። እዚህ ሐርጌሳ ወንዶች የሚለብሱት መዓዊስ፣ እኛ ሽርጥ የምንለው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ተሰፍተው እንደ ሰፊ ቱቦ የሚለበስ ነው። ትርፉ ከፊት ታጥፎ ወገብ ላይ ይጠቀለላል፤ ያ እጥፋት ነው እርምጃ የሚሰጠው። በስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ኪልት ደግሞ እንደ እኛ ጉርድ ተጠምጣሚ ነው። ከፊት ሁለት ዝርግ ክፍሎች ይደራረባሉ፤ ከኋላ ግን ጨርቁ በጥልቅ እጥፋት ስለተሰፋ ለባሹ እንደ ልቡ ይራመዳል።

በእኛ የመጀመሪያ ጉርድ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ሽንሽን ብንጨምርበት ብዙ ጨርቅ ይፈጃል። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጥን፦ ከወገብ ጠበብ፣ ወደ ታች ሰፋ የሚሉ ሦስት ክፋዮች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወርዱ 150 ሳ.ሜ. የሆነ ብትን ጨርቅ 2 ሜትር፤ ወርዱ 115 ሳ.ሜ. ከሆነ 3 ሜትር
- መርፌ፣ ከጨርቁ ቀለም ጋር የሚሄድ ክር፣ መቀስ፣ ስፒል
- የልብስ ሜትርና ማስመሪያ
- ልክ ማውጫ ወረቀት (ጋዜጦችን በማጣበቂያ አያይዞ መጠቀም ይቻላል)
- ጠመኔ ወይም ያለቀ ሳሙና ስባሪ
- ካውያ

ጥጥ ጨርቅ ይሻላል፤ አያንሸራትትም፣ እጥፋትም ይይዛል። ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ከጨርቁ ሥር አድርጋችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ ጨርቁ ስስ ነው፤ ለጉርድ አይሆንም። አዲስ ጨርቅ መግዛት ካልተቻለ መሃሉ ያላለቀ አሮጌ አንሶላ ጥሩ ነው። አዲስ ጨርቅ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ መሰብሰቡ ካልቀረ ከስፌት በፊት ይሰብሰብ።

ልክ መውሰድ

አራት ልኮች እንወስዳለን። ራስን መለካት ስለሚያሳስት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለካኩ።

1. ወገብ፦ ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን። ሜትሩ አይጥበቅ፤ አንድ ጣት ያስገባ።
2. ዳሌ፦ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ። አንዴ ቆማችሁ፣ አንዴ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከወገብ እስከዚያ ቦታ ያለውን ርቀትም መዝግቡ።
3. እርምጃ፦ አንድ እግር ቀድሞ በቆማችሁበት፣ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች ዙሪያ። እርምጃችሁን አታሳጥሩ። ወደ ትምህርት ቤት ሲረፍድባችሁ እንደምትራመዱት ይሁን።
4. ቁመት፦ ከወገብ ጉርዱ እንዲያበቃ እስከምትፈልጉበት ቦታ።

የተማሪዋ ልኮች ወገብ 64፣ ዳሌ 88 (ከወገብ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ)፣ እርምጃ 132፣ ቁመት 85 ሳ.ሜ. ነበሩ። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ እናንተ በራሳችሁ ልክ ተኩት።

ስሌቱ

ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ክፋይ የዙሪያው ግማሽ ነው። ሁለት ግማሾች ሰውነታችንን ይዞራሉ፤ ሦስተኛው ግማሽ ድርብ ሆኖ ይጠብቀናል።

- የአንዱ ክፋይ ወርድ ወገብ ላይ፦ 64 ÷ 2 = 32 ሳ.ሜ.
- ዳሌ ላይ፦ 88 ÷ 2 = 44 ሳ.ሜ.
- ታች ጠርዙ ላይ፦ 132 ÷ 2 = 66 ሳ.ሜ.

ሦስቱ ክፋዮች ሲገጠሙ ታች 66 × 3 = 198 ሳ.ሜ. ይሆናል። ልጅቷ ስትራመድ 132ቱ ይዞራታል፤ 66 ሳ.ሜ. ድርብ ይተርፋታል። ከመጀመሪያው ጉርድ ጋር አወዳድሩት፤ ያኛው ላይ የሚተርፈው ዜሮ ነበር።

ልክ ማውጣትና መቁረጥ

ወረቀቱ ላይ 85 ሳ.ሜ. የሆነ ቀጥ ያለ የመሃል መስመር አስምሩ። ከላይ ጫፉ ላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ 16፣ 16 ሳ.ሜ. ነጥብ አድርጉ። 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ብላችሁ 22፣ 22፤ ታች ደግሞ 33፣ 33 ሳ.ሜ. ነጥብ አድርጉ። በየጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች አገናኙ። ዳሌው ላይ መስመሩ እንደ ማዕዘን እንዳይሰበር ለስላሳ ጎባጣ አድርጉት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የጎኑ መስመር ጋደል ያለ ስለሆነ ከመሃሉ መስመር ይረዝማል። እንዲሁ ከተተወ ጉርዱ በጎን በኩል ይንጠለጠላል። ስለዚህ በጎኑ መስመር ላይም ከላይ ጀምራችሁ 85 ሳ.ሜ. ለኩና ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ ከማዕዘኑ 2 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ እስከ መሃል በቀስታ እየጎበጠ የሚሄድ መስመር አስምሩ፤ ታች ጠርዙ ይህ ነው።

በመጨረሻ የስፌት ትርፍ ጨምሩ፦ በሁለቱም ጎን 2 ሳ.ሜ.፣ ከላይ 1.5 ሳ.ሜ.፣ ከታች 6 ሳ.ሜ.። ታች ብዙ የምንተወው ለነገ ነው፤ ልጅ ስታድግ ይለቀቃል። ወረቀቱን ቁረጡ።

ጨርቁን ዘርጉ። የወረቀቱ የመሃል መስመር ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ይሁን፤ ድሩ በርዝመት ካልሄደ ጉርዱ ይጣመማል። 150 ሳ.ሜ. ወርድ ባለው ጨርቅ ላይ ሁለቱን ክፋዮች አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ይገጣጠማሉ። ሦስተኛው ክፋይ ከእነሱ በታች ይቆረጣል፤ ከአጠገቡ የሚተርፈው ጨርቅ ለቀበቶና ለማሰሪያ ነው። ጨርቁ ባለ አበባ ሆኖ አበቦቹ ሁሉ ወደ ላይ የሚያዩ ከሆነ ግን ክፋይ አትገልብጡ፤ አበባው ቁልቁል ይሆናልና ትንሽ ተጨማሪ ጨርቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

ለቀበቶው 10 ሳ.ሜ. ወርድ ያላቸው ሦስት ረጃጅም ቁራጮች ቁረጡ። የሚያስፈልገው ርዝመት የሦስቱ ክፋዮች ወገብ 96፣ ረጅሙ ማሰሪያ 80፣ አጭሩ ማሰሪያ 45፣ ለጫፎቹ 2፣ በድምሩ 223 ሳ.ሜ. ነው። ሦስቱን ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ሰፍታችሁ ትርፉን ቁረጡት።

ስፌቱ

*አንደኛ፣ ጎኖቹን መግጠም።* አንዱን ክፋይ ለኋላ ምረጡ። በግራው አንድ፣ በቀኙ አንድ ክፋይ የጨርቁን ፊት ለፊት አጋጥማችሁ በስፒል ያዙ። መጀመሪያ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ወስውሱት፤ ልክነቱን ካያችሁ በኋላ ከጠርዙ 2 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ ስፉት። በእጅ የሚሰፋ ከሆነ መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ስፌት ተጠቀሙ። ተራው ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ ሙሉው ይተረተራል፤ ተመላሹ ስፌት ግን ባለበት ይይዛል።

በቀኝ ጎን ስፌት ላይ ለማሰሪያው መውጫ ቀዳዳ እንተዋለን። ከላይ 2 ሳ.ሜ. ሰፍታችሁ 5 ሳ.ሜ. ዝለሉ፤ ከዚያ እስከ ታች ቀጥሉ። የቀዳዳውን ሁለት ከንፈሮች ወደ ውስጥ ዘርግታችሁ በጥቃቅን ስፌት ያዟቸው። የሁሉንም ስፌት ጠርዝ እንዳይዘረዘር ቀምቅሙት።

*ሁለተኛ፣ ነጻ ጠርዞቹ።* የግራውና የቀኙ ክፋይ ያልተገጠመ ጎን ቀርቷቸዋል። 1 ሳ.ሜ. አጥፋችሁ፣ እንደገና 1 ሳ.ሜ. አጥፋችሁ ቀምቅሙ። ጋደል ያለ ጠርዝ ቶሎ ይለጠጣል፤ አትጎትቱት፣ ጠረጴዛ ላይ ጋደም አድርጋችሁ ስፉ።

*ሦስተኛ፣ ቀበቶው።* የቀበቶውን አንድ ጠርዝ ከጉርዱ የላይኛ ጠርዝ ጋር ፊት ለፊት አጋጥሙ። 80 ሳ.ሜ. የሚሆነው ማሰሪያ በግራው ክፋይ ጫፍ በኩል፣ 45 ሳ.ሜ. የሚሆነው በቀኙ ክፋይ ጫፍ በኩል ይትረፍ። የቀበቶው ትርፍ 1፣ የጉርዱ ትርፍ 1.5 ሳ.ሜ. ሆኖ ስፉት። ከዚያ የቀበቶውን ሌላኛ ጠርዝ 1 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ አጥፋችሁ፣ ቀበቶውን ለሁለት አጥፋችሁ ከጀርባ በኩል ቀምቅሙት። 4 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ቀበቶ ይሆናል። ማሰሪያዎቹንም በዚያው አኳኋን አጥፋችሁ ስፉ።

*አራተኛ፣ ታች ጠርዙ።* ወዲያው አትቀምቅሙት። ጉርዱን በቀበቶው ይዛችሁ አንድ ሌሊት ስቀሉት። ጋደል ብለው የተቆረጡ ቦታዎች በክብደታቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። ጠዋት ለባሿ ለብሳው ትቁም፤ ጓደኛዋ ከወለሉ እየለካች ያልተስተካከለውን በጠመኔ ምልክት ታድርግ። ከዚያ 1 ሳ.ሜ.፣ ቀጥሎ 5 ሳ.ሜ. አጥፋችሁ ቀምቅሙ። ጠርዙ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ ሲታጠፍ ጨርቅ ይተርፋል፤ ትርፉን በጥቃቅን እጥፋት አከፋፍሉት።

አለባበሱና ፈተናው

የኋላው ክፋይ ከኋላ ይሁን። የግራው ክፋይ በፊት በኩል ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ረጅሙ ማሰሪያው በቀኝ ጎን ባለው ቀዳዳ ወጥቶ በጀርባ ዞሮ ወደ ግራ ይመጣል። የቀኙ ክፋይ በላዩ ተደርቦ ወደ ግራ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ማሰሪያዎች በግራ ጎን ይታሰራሉ።

መስታወት ፊት መቆም ፈተና አይደለም። ጉርዱ የሚፈተነው በሦስት ነገር ነው፦ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ደረጃ ውጡ፣ ግቢውን ሮጣችሁ ዙሩ። ሦስቱንም ሁለት እጃችሁን ነጻ አድርጋችሁ መሥራት ከቻላችሁ ጉርዱ አልፏል።

ነፋስ ብቻውን ሌላ ጠላት ነው። ፈረንሳዊቷ የልብስ ባለሙያ ኮኮ ሻኔል ጃኬቶቿ ቀጥ ብለው እንዲወርዱ ታች ጠርዛቸው ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ታሰፋ ነበር። እኛም ሐሳቡን ወስደን በላይኛው ክፋይ ነጻ ጠርዝ የታችኛ ማዕዘን ውስጥ አንድ ከባድ የካፖርት ቁልፍ እንሰፋለን። ጫፉ ከከበደ ነፋስ በቀላሉ አያነሳውም። ለትናንሽ ልጆች ደግሞ ከጉልበት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ሁለቱን ክፋዮች የሚያያይዝ አንድ ቁልፍ ይጨመር።

የተበላሸው ጉርድ እንዴት ዳነ?

የዚያች ተማሪ የመጀመሪያ ጉርድ አልተጣለም። እናቷ በገንዘቧ የገዛችውን ጨርቅ "ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ይገዛ" ማለት አልቻልኩም። ስሌቱን ከልጆቹ ጋር ሠራነው። የነበረው የታች ወርድ 132 ነው፤ የሚያስፈልገው 198። የጎደለው 66 ሳ.ሜ. ሲሆን፣ ለሦስት ሲካፈል 22 ይሆናል። ስለዚህ ጉርዱን በሁለቱ ጎኖችና በኋላ መሃል ላይ ከታች እስከ ዳሌ ሰነጠቅነው። በየስንጥቁ ታች ወርዱ 22 ሳ.ሜ. የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ፣ የስፌት ትርፉ ተጨምሮበት፣ ተሰፋ። ጨርቁ የመጣው ከእናቷ አሮጌ ቀሚስ ነው፤ ቀለሙ ከጉርዱ ጋር አይመሳሰልም። ልጅቷ ስትቆም ቁራጮቹ ብዙም አይታዩም። ስትሮጥ ግን ሦስቱም ይከፈታሉ፣ ያኔ የእናቷ ቀሚስ ቀለም ይታያል። ይህንን ያየሁት በእረፍት ሰዓት፣ ሌሎቹን ቀድማ ግቢውን ስትዞር ነው። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ነበሩ።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ልብስ ስትሰፉም ሆነ ስታሰፉ ልጁ ቆሞ ከተለካ በኋላ "እስቲ ተራመድ፣ እስቲ ተቀመጥ" በሉት። ወንዶች ተማሪዎችም ይህ የእኛ ትምህርት አይደለም እንዳትሉ። መርካቶ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጠው ልብስ ከሚሰፉት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ሒሳቡም ለሁሉም አንድ ነው።

መልመጃ

1. የአንዲት ተማሪ ወገብ 60፣ ዳሌ 84፣ እርምጃ 126፣ ቁመት 80 ሳ.ሜ. ነው። አንዱ ክፋይ የስፌት ትርፍን ጨምሮ ወገብ፣ ዳሌና ታች ላይ ስንት ስንት ወርድ ይኖረዋል? ቁመቱስ?
2. ከሁለት ዓመት በኋላ የዚህችው ተማሪ ወገብ 68 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ በዚያው ጉርድ ወገቧ ላይ ስንት ሳ.ሜ. ድርብ ይቀርላታል?
3. ይህችው ተማሪ በመጀመሪያው መንገድ፣ ማለትም የዳሌዋን አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ አራት ማዕዘን ጨርቅ ብትሰፋ፣ ስትቆምና ስትራመድ ከታች በኩል ስንት ስንት ድርብ ይኖራታል?
4. በቤታችሁ ካለ ሰው አንድ ረጅም ልብስ ተመልከቱ። ለእርምጃ የሚሆነው ጨርቅ የት ነው የተቀመጠው? በሽንሽን ነው፣ በእጥፋት ነው፣ በስንጥቅ ነው ወይስ በስፋት?

*መልስ፦* 1) 34፣ 46 እና 67 ሳ.ሜ.፤ ቁመቱ 87.5 ሳ.ሜ.። 2) የሦስቱ ክፋዮች ወገብ 90 ስለሆነ 22 ሳ.ሜ. ይቀርላታል። 3) ስትቆም 42 ሳ.ሜ.፣ ስትራመድ ምንም። 4) መልሱን ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩበትና ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ።